ጎመኑ ሳይጠወልግ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን የምትኖር አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ጥቅል ጎመኑን ስዬ ሳልጨርስ ጠወለገብኝ፤ በስልክ ፎቶ አንስቼ ከዚያ ልቀጥል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ።

እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ በዚያችው ከተማ፣ በክረምት ጎመን በዘይት ቀለም ስያለሁ። እናቴ ከገበያ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርትና ከሸዋ ሮቢት የመጣ ቲማቲም ይዛ ገባች። ለወጥ የገዛችውን ለምኜ ወሰድኩና መስኮቱ ሥር ደረደርኩት። እሷ ሽሮ እየሠራች ጠበቀችኝ። «ቶሎ በል እንጂ ልጄ፣ እየጠወለገብህ እኮ ነው» ከማለት በቀር አልተናገረችኝም። የጎመን ቅጠል አረንጓዴ ብቻ አለመሆኑን ያየሁት ያኔ ነው፤ የደመናው ብርሃን በአንድ ጎኑ ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ቀይ ሥሩ በተጠጋው በኩል ደግሞ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል።

ስዕሉ ሳይደርቅ ተሸጠ። አዲስ አበባ መሄጃ ገንዘብ ያስፈልገኝ ነበር፤ ወደ ደሴ የሚያልፍ መንገደኛ አየው፣ ወደደው። ነጩ ቀለም ገና ስለሚለቅ ጠርዝ ጠርዙን እንዲይዘው ነገርኩት። የቀለሙ ማሟሻ የሆነው የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። እናቴ እስክታርፍ ድረስ «ያ ጎመኔ የት ደርሶ ይሆን?» ትለኝ ነበር። ፎቶው እንኳ የለኝም። ፎቶ እያዩ መሳልን ስነቅፍ የኖርኩ ሰው፣ ለዚያ ስዕል ፎቶ ቢኖረኝ ያለኝን ሁሉ እሰጥ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጀምራችሁ ማታ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። አንኮበር የተወለዱትን የአፈወርቅ ተክሌን ስም ሁላችሁም ትጠራላችሁ፣ ቁጭ ብሎ ቅጠል የሚያይ ግን አጣሁ።

ለማንኛውም ልጄ፣ የሚጠወልገውን አስቀድሚ። ነጭ ሽንኩርቱና ዱባው ይጠብቁሻል። መጀመሪያ በርንት አምበር በሚባለው ጥቁር ቡናማ ቀለም ቅርጹን አውጪ፤ መድረቅን የሚያፋጥን ማንጋኒዝ ስላለው በብርድም ቢሆን ከአብዛኞቹ ቀለሞች ቀድሞ ይደርቃል። የታችኛው ንብርብር በተርፐንታይን የቀጠነ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት ይሁን፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጎመኑ ከጠወለገ ሌላ ግዢ፤ የቀድሞውን ቅርጽ አትፈልጊበት፣ ቀለሙን እይበት። ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልለሽ ጥግ አትጣይ፣ በራሱ ግሎ ይቀጣጠላል። ዘርግተሽ ደጅ አስጪው።