አደይ አበባ፣ የአደይ አበባ ወይስ መጭ?

ጥያቄ፦ «መስከረም ላይ መንገድ ዳር ያየኋትን ትንሽ ቢጫ አበባ ፎቶ አንስቼ ‹የአደይ አበባ› ብዬ ለጓደኞቼ ላክሁ። አንዱ ‹የ› ምን ይሠራል፣ አደይ አበባ ነው የሚባለው አለኝ። ሌላዋ የመስቀል አበባ ናት አለች። ገጠር ያደገው ጓደኛችን ደግሞ ‹እሷማ መጭ ናት› ብሎ ድርቅ አለ። ማን ነው ልክ?»

መልስ፦ ከ«የ» ልጀምር። ሁለቱም ትክክል ነው። አማርኛ የአንድን ነገር መጠሪያ ከወገኑ ስም ጋር ሲያጣምር «የ»ን ማስገባትም መተውም ይችላል። ጣና ሐይቅ እንላለን፣ የጣና ሐይቅም እንላለን። ዋርካ ዛፍ፣ የዋርካ ዛፍ። አደይም እንደዚሁ ነው። እኔ ግን «አደይ አበባ» የሚለውን እመርጣለሁ። አደይ የአበባዋ ባለቤት አይደለም፤ ራሷ አበባዋ ናት። ለዚህም ነው «አደይ ፈካች» ብሎ ማቆም የሚቻለው፤ ለሴት ልጅ ስም ሲወጣም «አደይ» ብቻውን ይበቃል።

ከፊቱ በ፣ ከ ወይም ለ ሲመጣ ደግሞ ክርክሩ ራሱ ይጠፋል። «የ» ከእነሱ ኋላ ስለሚዋጥ «ሜዳው በአደይ አበባ ተሸፈነ» ያለ ሰው የትኛውን አስቦ እንደተናገረ አይታወቅም። «በየአደይ አበባው» ቢሉ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ በእያንዳንዱ አደይ ላይ ማለት ይሆናል።

«የመስቀል አበባ» ላይ ያለው «የ» ግን ሥራ አለው። ጊዜ ይናገራል። መስከረም 17 ለሚከበረው በዓል የምትደርስ አበባ ማለት ነው። ብዙ ሰው አደይን ራሷን በዚህ ስም ይጠራታል፤ ስለዚህ ጓደኛዎ አልተሳሳተችም። ችግሩ ስሙ የሚነግረን መቼ እንደምትፈካ እንጂ ምን እንደምትመስል አለመሆኑ ነው። በመስከረም የሚፈካው ቢጫ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የገጠሩ ጓደኛዎ ጨዋታ ውስጥ የሚገባው። መጭ የኑግ ዘመድ ነው፤ አንድ ወገን ናቸው። ኑግን ለዘይቱ እንዘራዋለን፤ መጭ ሳይዘሩት በየማሳውና በየመንገዱ ዳር የሚበቅል አረም ነው። አደይ ከሁለቱ ጋር በሰፊው ቤተሰብ ትገናኛለች እንጂ ወገኗ ሌላ ነው። ልብስ ላይ የሚሰካው ጨጎጊት እንኳ ከመጭ ይልቅ ለአደይ ይቀርባል። ከሩቅ ሲታዩ ግን አደይም፣ ኑግም፣ መጭም ያው ቢጫ ናቸው። ከተማ ላደግን ሰዎች ሁሉም «አደይ» የሆኑት ለዚህ ይመስለኛል። ያሳዝነኛል። ገበሬው በሦስት ስም የሚለያቸውን እኛ በአንድ ስም ደፍጥጠን፣ ሁለቱን ቃላት ከአፋችን እያጠፋን ነው።

መለያው ያለው አበባው ላይ ሳይሆን ቅጠሉ ላይ ነው። የአደይ ቅጠል የተተለተለ ነው፤ ከካሮት ቅጠል ጋር ይቀራረባል። የኑግና የመጭ ቅጠል ግን ሙሉ ነው፣ አልተከፋፈለም። የመጭ ደግሞ በእጅ ሲዳስሱት ይሻክራል። የእጽዋት ሊቃውንትም በላቲን የሰጡት ስም «ጉይዞሺያ ስካብራ» ነው፤ ሁለተኛው ቃል ሻካራ ማለት ነው። የአደይ ሳይንሳዊ ስም «ባይደንስ ማክሮፕቴራ» ነው። የመጀመሪያው ቃል «ሁለት ጥርስ»፣ ሁለተኛው «ትልቅ ክንፍ» እንደ ማለት ነው፤ ሁለቱም ስለ ፍሬው ናቸው። እንዲያውም የአማርኛው «አደይ» የአንድ ዝርያ ብቻ ስም አይደለም። የቅርብ ዘመዶቿ የሆኑ ሌሎች ባይደንሶችም በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ ይህ ስሕተት አይደለም፣ የሕዝብ ስም እንዲህ ነው የሚሠራው።

«ቅጠል» ስል አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በአማርኛ አረንጓዴውንም ቅጠል፣ አበባው ዙሪያ ያለውን ቢጫውንም ቅጠል እንላለን። «ስምንት ቅጠል አላት» የሚል ሰው የትኛውን እንደቆጠረ አይታወቅም። ስለዚህ ሲገልጹ «የአበባዋ ቅጠል» እና «የግንዷ ቅጠል» ብለው ይለዩ። በእነዚህ አበቦች ላይ ደግሞ ዙሪያውን ያለው እያንዳንዱ ቢጫ ቅጠል ራሱን የቻለ ትንሽ አበባ ነው፤ መሐሉ ላይ ያሉት ነጠብጣቦችም እንዲሁ። አንዲት አደይ ቀጠፍን ስንል የቀጠፍነው አንድ ሙሉ እቅፍ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አደይን ዝም ብዬ አልፌያት አላውቅም።

«ያየኋትን»፣ «ናት» እያሉ በሴት አንቀጽ መጻፍዎንም ወድጄዋለሁ። አማርኛ ትንሽና የሚወደድ ነገርን በሴት ይጠራል። «ይቺ አበባ ማን ትባላለች?» የሚለው ጥያቄ «ይህ አበባ ምን ይባላል?» ከሚለው የበለጠ ፍቅር አለው።

የላኩልኝ ፎቶ ላይ አበባዋ ብቻ ናት የምትታየው። ስለዚህ ተመልሰው ይሂዱና ዝቅ ብለው ቅጠሏን ይዩ፣ ይዳስሱም። የተተለተለ ከሆነ «አደይ አበባ» ብለው ይጻፉ። ሙሉና ሻካራ ከሆነ ግን ጓደኛዎ ልክ ነበር፤ ስሟ መጭ ነው።