የማቴዎስ ስም ዝርዝርና የአያቴ ርስት

«ማቴዎስ ወንጌሉን በስም ዝርዝር የጀመረው ለምንድን ነው? ከቃል ኪዳኑስ ጋር ምን ያገናኘዋል? እኔ ሁሌም ዘልዬው ነው የማልፈው» ያልሽው እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እኔም ለዓመታት የኢየሱስን የትውልድ ሐረግ ዘልዬ ከቁጥር 18 ነበር የምጀምረው። 1ኛ ዜና መዋዕልንማ ተዪው፤ 9 ምዕራፍ ሙሉ ስም በስም ነው።

ሐሳቤን ያስለወጡኝ ሰባኪ ሳይሆኑ አያቴ ናቸው። በእኛ አገር ጎጃም፣ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ርስት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን መቁጠር ነበረበት። ከአቅኚው አባት ተነስቶ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ እስከ ራሱ ይወርዳል። በአባትም በእናትም ይቆጠራል። አንዲት ስም ከሳተ ተሟጋቹ እዚያው ላይ ይይዘዋል። አያቴ አርጅተው የልጆቻቸውን ስም ሲያምታቱ እንኳ ያችን ቆጠራ አልሳቷትም፤ የመሬታቸው ማስረጃ እሷ ነበረች።

በዚህ ጆሮ ዘፍጥረትን አንብቢው። እግዚአብሔር ለአብርሃም ምድርን፣ ዘርንና ለአሕዛብ ሁሉ የሚተርፍ በረከትን ተስፋ ሰጠው። ተስፋው ለዘር ከሆነ፣ ዘሩ ማን እንደሆነ መቆጠር አለበት። ከባቢሎን ሲመለሱ በትውልድ መዝገብ ስማቸው ያልተገኘ ካህናት ከክህነት ተከልክለዋል (ዕዝራ 2)። ወንድ ልጅ ሳይኖረው የሞተው የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆችም ሙሴ ፊት ቆመው የአባታችን ስም ለምን ይጠፋል ሲሉ የጠየቁት ርስት ነው (ዘኍልቍ 27)። አያቴ ይህን ቢሰሙ «ደግ አደረጉ!» የሚሉ ይመስለኛል።

ግን ከአያቴ ቆጠራ የሚለይበት ቦታ አለ፤ እኔን የያዘኝም እሱ ነው። ዘፍጥረት 11 ከሴም ጀምሮ ወለደ፣ ወለደ እያለ ይወርድና አብራም ጋ ሲደርስ «ሦራም መካን ነበረች» ብሎ ቀጥ ይላል። የምዕራፍ 12 ተስፋ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ልጅ በሌለበት ቤት። ከዚያ ወዲያም በኩሩ እየታለፈ ይሄዳል፦ እስማኤል ቀርቶ ይስሐቅ፣ ዔሳው ቀርቶ ያዕቆብ፣ ሮቤል ቀርቶ ይሁዳ።

ማቴዎስ «የዳዊት ልጅ የአብርሃም ልጅ» ብሎ ሲከፍት ሁለቱን ቃል ኪዳኖች መጥራቱ ነው፤ አሕዛብ የሚባረኩበትንና በ2ኛ ሳሙኤል 7 ዙፋንህ ለዘላለም ይጸናል የተባለበትን። ቀጥሎ ማንኛውም የርስት ተሟጋች ሊሸፍናቸው የሚፈልጋቸውን ይዘረዝራል፦ ከአማቷ ከይሁዳ የወለደችው ትዕማር፣ የኢያሪኮዋ ጋለሞታ ረዓብ፣ ሞዓባዊቷ ሩት። ቤርሳቤህንማ «የኦርዮ ሚስት» ነው የሚላት፤ የዳዊት ጥፋት እዚያው እንዲነበብ። ወደ ባቢሎን የተማረከው የይሁዳ ንጉሥ ኢኮንያንም አለ። እግዚአብሔር በኤርምያስ 22፣ በቀኝ እጄ እንዳለ ማኅተም ቢሆን እንኳ እነቅለዋለሁ፣ ከዘሩም በዳዊት ዙፋን የሚቀመጥ አይኖርም ያለው ሰው ነው። የልጅ ልጁን ዘሩባቤልን ግን በሐጌ 2 እንደ ቀለበት ማኅተም አደርግሃለሁ ይለዋል። ያው ቀለበት! እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ተቀምጫለሁ።

ቁጥር 16ን ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ከአብርሃም ጀምሮ አባት «ወለደ» ሲባል ቆይቶ ዮሴፍ ጋ ሲደርስ ዮሴፍ ወለደ አይልም፤ «ኢየሱስን የወለደችውን የማርያምን እጮኛ» ይላል። ሐረጉ ለሁለተኛ ጊዜ በሰው አቅም የማይቀጥልበት ቦታ ደረሰ።

አንድ ወንድም ማቴዎስ ነገሥታት ዘሏል ብሏል። ልክ ነው፤ አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ የሉም። የአያቴ ተሟጋች ቢሆን አይለቀውም ነበር። ማቴዎስ ግን ሦስት ጊዜ 14 እንዲሆንለት አውቆ ነው የተዋቸው፤ የዕብራይስጥ ፊደላት እንደ ቁጥርም ስለሚያገለግሉ፣ የዳዊት ስም ፊደላት ሲደመሩ 14 ስለሚሆኑ ነው የሚሉም አሉ።

ሉቃስ 3 የዮሴፍን አባት ኤሊ፣ ማቴዎስ ያዕቆብ ማለታቸውን በተመለከተ፣ አንዳንዱ ሉቃስ የጻፈው የማርያምን ሐረግ ነው ይላል። በ3ኛው መቶ ዘመን የነበረው ክርስቲያን ጸሐፊ አፍሪካኖስ ግን ኤሊ ያለ ልጅ ሞቶ የእናቱ ልጅ ያዕቆብ ሚስቱን ወረሰ፣ ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ በሕግ የኤሊ ልጅ ሆነ ብሎ ያስረዳል። እኔ ወደዚህ ወደ ዋርሳው ማብራሪያ አደላለሁ። ሩትም ወደዚህ ዝርዝር የገባችው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ቦዔዝ ያገባት የሞተው ባሏ ስም ከርስቱ እንዳይጠፋ ነበር።