ዋጋውን ጻፉበት

ውድ ልጆቼ፣

ለገና ሰሞን ባዛር ሥዕሎቻችሁን ልታቀርቡ እንደተነሳችሁ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ደሴ ላይ የልብስና የፕላስቲክ ዕቃ ባዛር አይተን ጠግበናል። ሰዓሊው፣ ሸማኔው፣ ስፌት ሰፊዋና ሸክላ ሠሪዋ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ዕድሜዬን የሱቅ ታፔላ ስጽፍና ሥዕል ስስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ብሩሽ አያያዝ አልመክራችሁም፤ እሱን ከእኔ በተሻለ ተምራችሁታል። የምጽፍላችሁ ስለ ዋጋ ነው።

ዋጋውን ጻፉበት። ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር፣ በግልጽ፣ በሚነበብ ፊደል።

"ሥዕል እንደ ሽንኩርት ዋጋ ይለጠፍበታል እንዴ?" ያለኝ ልጅ አለ። አዎ፣ ይለጠፍበታል። ዋጋ ያልተጻፈበት ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ወይ "ለማሳያ ብቻ ነው" ይላል፣ ወይ "ከአቅሜ በላይ ነው" ብሎ ያልፋል። የእኛ ሰው ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ መሄድ ይከብደዋል። ይሉኝታው ይይዘዋል። ስለዚህ አይጠይቅም፣ እናንተም ሊገዛ አስቦ እንደነበር ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

ሰዓሊውም ይሉኝታ አለበት። "ስንት ነው?" ሲሉት "እንግዲህ የመሰለዎትን" ይላል። ሰውየው መቶ ብር ቢለው ምን ሊመልስ ነው? ሰኞ ገበያ ውረዱና መሶብ የምትሸጥ እናት ጠይቁ። ዓይን ዓይናችሁን እያየች ትነግራችኋለች። አክርማው ስንት እንደፈጀ፣ ቀለሙ ስንት እንደገባ፣ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠችበት ታውቃለች። ብትከራከሯት ትቀንስ ይሆናል። ከየት በታች እንደማትወርድ ግን ከቤቷ ስትወጣ ወስና ነው የመጣችው። እኛም ታፔላ ጸሐፊዎቹ እንዲያ ነበርን። ቆርቆሮው በስፋቱ፣ ጽሑፉ በፊደል ይታሰባል። ሒሳቡን ሲሰማ የሱቁን ስም ማሳጠር የሚጀምር ባለሱቅ ነበር! ሥራውን የባነር ማተሚያ ወሰደብን፤ የማስላት ልማዱ ግን እስካሁን አለ።

እናንተም አስሉ። መጀመሪያ ሸራው፤ በአቡጀዲ የምትሠሩ ከሆነ ጨርቁ፣ ኮላውና ከሥር የምትቀቡት ነጭ ቀለም። የክፈፉ እንጨት፣ ሚስማሩ፣ ቀለሙ፣ የባጃጁ። የቦታ ኪራይ ከከፈላችሁ በሥራዎቹ ቁጥር አካፍሉት። ከዚያ የእጃችሁን ጊዜ ጨምሩ። አንድ ጥሩ አናጺ በቀን ስንት እንደሚከፈለው ጠይቁና ከዚያ ተነሱ፤ ከእሱ የምታንሱበት ምክንያት አይታየኝም። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ሥራዎች ዋጋቸው ይቀራረብ። አንዱን አብልጣችሁ ስለምትወዱት ብቻ ሦስት እጥፍ ብትጠሩበት ገዢው ግራ ይገባዋል። እንደዚያ ከወደዳችሁት ቤት አስቀምጡት፣ አትሽጡት።

አሁን ወደ ዘመድ እንምጣ። አጎት ይመጣል፣ የእናታችሁ ጓደኛ ትመጣለች። "ለእኔማ በነፃ ነው" ይላሉ። ይህን የሚሉት ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ሥዕል የምትጫወቱበት እንጂ የምትኖሩበት አይመስላቸውም። አትቆጡ። ለዘመድ የሚሆን ትንሽ ነገር፣ ፖስትካርድ ወይም ንድፍ፣ ለብቻው አዘጋጅታችሁ ያዙና በደስታ ስጡ። ትልቁ ሸራ ግን ለአጎትም ዋጋው ያው ነው።

የገና ሰሞን ገዢ ማን እንደሆነም አስቡበት። ከአዲስ አበባ ለገና ወደ ላሊበላ በመኪና የሚወጣው መንገደኛ በኮምቦልቻና በደሴ አድርጎ ነው ወልድያ የሚደርሰው። ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቆ የተቀመጠ ሰው አንድ ሜትር ሸራ አይሸከምም። በቦርሳ የሚገባ፣ በካርቶን የተደገፈ ትንሽ ሥራ ይኑራችሁ። የከተማው ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ሙስሊምም ክርስቲያንም ይገኛል። ሳሎኑ ውስጥ የሰው ምስል መስቀል የማይፈልግ ብዙ ነው። የጦሳን ተራራ፣ የሐይቅን ውሃ፣ ያማረ የዓረብኛ ጽሕፈት ወይም የጨርቅ ጥለት ግን ደስ ብሎት ይሰቅላል። ለገበያ ብላችሁ የማታምኑበትን ሣሉ ማለቴ አይደለም። ጠረጴዛችሁ ላይ ለሁሉም የሚሆን ነገር ይኑር ነው።

ድንኳኑን ቀድማችሁ እዩት። ሰማያዊ ፕላስቲክ ከሆነ ጉድ ነው። ከላይ የሚገባው ብርሃን ቢጫውን አረንጓዴ፣ የሰውን ፊት የበሽተኛ ያስመስለዋል። ነጭ ጨርቅ ለምኑ፣ ካልተገኘ የድንኳኑን አፍ ወደ ብርሃኑ አዙሩ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የታኅሣሥ ብርዷን ታውቁታላችሁ። የዘይት ቀለም በብርድ ቶሎ አይደርቅም። ለባዛሩ ብላችሁ በመጨረሻው ሳምንት በወፍራሙ የቀባችሁት የገዢው ጋቢ ላይ ይታተማል። ከደረቀ በኋላ ከላይ የሚቀባውን መከላከያ፣ ቫርኒሹንም አትቸኩሉበት፤ ወፍራም የዘይት ቀለም ከዚያ በፊት ስድስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ለጥድፊያ ቶሎ የሚደርቀው አክሪሊክ ቀለም ይሻላል።

ከመሸጣችሁ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ከጀርባው ስማችሁን፣ ዓመቱን፣ መጠኑንና የሠራችሁበትን ቀለም ጻፉ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። አንድ ዕቃ ሲጠፋ ፎቶውና መዝገቡ በሌላ ቦታ ከሌለ "የእኛ ነበር" ብሎ መከራከር ከባድ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እዚሁ አጠገባችን፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ወንጌል ከነሥዕሎቹ እኛ ዘመን ደርሷል። የማን እንደሆነ የምናውቀው ራሱ ላይ ስለተጻፈ ነው። ፎቶዎቹን በስልካችሁ ብቻ አትተዉ፤ ለእህታችሁም ላኩላት።

ስለ ክፍያ ብዙ አልልም፤ ቴሌብሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስክሪንሹት ብቻ አይታችሁ ግን ሥዕል አታስረክቡ። ገንዘቡ መግባቱን በራሳችሁ ስልክ እስክታዩ ወሬ ያዙ፣ ቡና ጋብዙ። ጾም ስለሆነ ከቡናው ጋር ቆሎ ይበቃል።

"የመጨረሻው ስንት ነው?" መባሉ አይቀርም። ገበያ ነውና አትከፉ። የምትቀንሱትን ቤት ሳላችሁ ወስኑ፤ እኔ ከአሥር እጅ አንዱን አላልፍም። ሁለት ለሚወስድ ትንሽ ጨምሩለት። የመዝጊያው ዕለት ማታ ግን "ይዤው ከምመለስ" ብላችሁ በግማሽ ዋጋ አትጣሉ። ትናንት በሙሉ ዋጋ ከእናንተ የገዛ ሰው በዚሁ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ይሰማል።

ያልተሸጠው አይበላሽም፤ አብሽሩ። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሆቴልና ካፌ ሞልቶባታል፤ ባዶ ግድግዳም እንደዚያው። ባለቤቶቹን አነጋግሩና ስቀሉ፣ ግን በቃል ብቻ አይሁን። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ የሥራዎቹ ዝርዝርና ዋጋ፣ ሲሸጥ ካፌው ስንት እጅ እንደሚወስድ፣ እስከ መቼ እንደሚሰቀል፣ ጢስ ወይም ውሃ ቢያበላሸው ማን እንደሚከፍል። ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ አንዱን ቅጂ እናንተ ያዙ።