ጥላ ውስጥ ያለ ነጠላ ነጭ አይደለም፦ የሠዓሊያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ዙር ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቀለም ናቸው። ጠያቂዎቹ ጥፋቱን ቱቦው ውስጥ ይፈልጉታል፤ እኛ ግን ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ከቀለሙ አጠገብ ባለው ሌላ ቀለም ላይ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረን አቅርበናል።

«የእናቴን ምስል በዘይት ቀለም እየሣልኩ ነው። ነጠላ ለብሳ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ፊቷ ግን አመድ የነሰነሱበት መሰለ። እንዲበራ ብዬ ነጭ ስጨምር ይባስ ይላል።» (ከባሕር ዳር)

አመዱን ያመጣው ነጩ ነው። ቲታኒየም ነጭ ቀለምን ያበራል፣ ግን ሙቀቱን ይወስድበታል። ስለዚህ ፊትን ሲያበሩ መጀመሪያ ወደ ነጭ አይሂዱ፤ ወደ የሎ ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ ቀጥሎም ወደ ጥቂት ካድሚየም ብርቱካናማ ይሂዱ። ነጩ መጨረሻ ላይ፣ በብሩሽ ጫፍ ብቻ ይግባ።

ለመነሻ 3 እጅ በርንት ሲየና (ቀይ ቡናማ)፣ 2 እጅ የሎ ኦከር፣ ግማሽ እጅ አልትራማሪን ሰማያዊ በፓሌት (በቀለም መቀላቀያ ሰሌዳ) ላይ በፓሌት ቢላ ይቀላቅሉ። እናትዎ ቀይ ዳማ ከሆኑ ኦከሩን ከፍ ያድርጉ፤ ጠይም ከሆኑ እንዳለ ይተዉት፤ ጥቁር ከሆኑ በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ) ይጨምሩና ኦከሩን ይቀንሱ። ለጥላው ጥቁር ቀለም አይንኩ፤ በርንት አምበርና አሊዛሪን ክሪምሰን (ጥልቅ ቀይ) ከትንሽ አልትራማሪን ጋር ይበቃል። የጠይም ሰው ጥላ ውስጡ ቀይ ነው፣ ጥቁር ቀለም ያንን ቀይ ይገድለዋል። ፊት ሁሉ አንድ ቀለም እንዳይሆንም ይጠንቀቁ፤ ግንባር ወደ ቢጫ፣ ጉንጭ፣ አፍንጫና ጆሮ ወደ ቀይ ያደላሉ።

አሁን ወደ ነጠላው። ከቱቦ የወጣ ንጹሕ ነጭ ቀብተውት ከሆነ የፊቱ ችግር ግማሹ ከዚያ ነው፤ እንዲህ ካለ ነጭ አጠገብ የትኛውም ፊት ይጠቁራል፣ እርስዎም ለማካካስ ነጭ ፊቱ ላይ ይጨምራሉ። ነጠላውን ቀርበው ይዩት። መስኮቱ የሚነካው የእጥፋቱ ጠርዝ ብቻ ነው ነጭ። ጥላ ውስጥ ያለው ክፍል ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ ይህን በነጭ ላይ ጥቂት አልትራማሪንና የእሱን ሩብ ያህል በርንት ሲየና ጨምረው ያገኙታል። ከጥለቱ አጠገብ ያለው ጨርቅ ደግሞ የጥለቱን ቀለም በስሱ ይዋሳል። ከአገጭ በታችም ይመልከቱ፦ ነጠላው ብርሃኑን ወደ ላይ ስለሚመልሰው እዚያ ያለው ጥላ እንደጠበቁት አይጨልምም። ይህችን የተመለሰች ብርሃን በኦከርና በሲየና፣ ያለ ነጭ፣ ሲያስገቧት መንጋጋው ክብ ይሆናል።

ለማረጋገጥ ሥዕሉንም እናትዎንም በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያንሱ። ሁለቱ ፎቶዎች ላይ ጨለማና ብርሃኑ ቦታ ቦታውን ከያዘ የቀለም ስሕተት በቀላሉ ይታረማል። ካልያዘ የትኛውም ቅልቅል አያድነውም።

«ቀይና ሰማያዊ ስቀላቅል ወይን ጠጅ ሳይሆን ጭቃ ይወጣል።» (ከአዳማ)

የያዙት ቀይ ካድሚየም ቀይ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ውስጡ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ሦስቱ ሲገናኙ ደግሞ ቡናማ ነው የሚወጣው። ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ ይውሰዱ፦ አሊዛሪን ክሪምሰን ወይም ኩዊናክሪዶን ማጀንታ። 2 እጅ ከእሱ፣ 1 እጅ አልትራማሪን። ቅልቅሉ በጣም ስለሚጠቁር ልኩን ለማየት ጫፍ ያህል ነጭ ጣል ያድርጉበት።

ቱቦ ሲገዙ በስሙ አይመኑ፤ ጀርባው ላይ ያለውን የቀለም ቁጥር ያንብቡ። ፒቢ 29 (PB29) አልትራማሪን ነው፣ ፒአር 108 (PR108) ካድሚየም ቀይ። ሦስትና አራት ቁጥር የተደረደረበት ቱቦ ገና ሳይነኩት ቅልቅል ነው፤ ከሌላ ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይጨቀያል።

«ጥቁር መደብ ቀብቼ በላዩ የሣልኩት የዘይት ሥዕል በወራት ውስጥ ተሰነጠቀ።» (ከሐዋሳ)

የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ውሃ ተኖ ሳይሆን ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ሲጠነክር ነው። ፍጥነቱ እንደየቀለሙ ይለያያል። በርንት አምበር በአንድ ሁለት ቀን ይደርቃል፤ አይቮሪ ጥቁር፣ አሊዛሪንና ካድሚየሞች ሳምንት እና ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። እርስዎ ታች ያለው ገና እየተንቀሳቀሰ ላዩን በፈጣን ቀለም ሸፈኑት። ላዩ ደረቀ፣ ታቹ ተንቀሳቀሰ፣ ቆዳው ተቀደደ።

ጨለማ መደብ ከፈለጉ በርንት አምበርና አልትራማሪን ቀላቅለው በተርፔንታይን አቅጥነው በስሱ ይቀቡት። ሁለተኛው ንብር ቀለሙ እንዳለ፣ ምንም ሳይጨመርበት ይሁን። ሦስተኛው ላይ ጥቂት ጠብታ የሥዕል የተልባ ዘይት ይግባ። ዘይቱ ወደ ላይ እየጨመረ ይሂድ እንጂ አይቀንስ። የወጥ ቤት ዘይት ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ብዙው አይደርቅም። ቫርኒሽ ለመቀባት ከ6 እስከ 12 ወር ይታገሱ።

አንድ ያልጠየቁትን እንጨምር፤ የቤት እሳት ስለሚያስነሣ ነው። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨምቆ ጥግ ላይ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱን አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት፣ አለዚያ ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱት።

«አክሪሊክ ሲደርቅ ለምን ይጠቁራል? በዚያ ላይ አዲስ አበባ በበጋ ሳልቀላቅለው ይደርቅብኛል።» (ከአዲስ አበባ)

ቀለሙን የሚያያይዘው ነገር እርጥብ ሳለ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ሲደርቅ ይጠራል። ያ ወተት ሲጠፋ ቀለሙ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ስለዚህ በወረቀት ጥግ ቀብተው በፀጉር ማድረቂያ አድርቀው ይፈትኑ፤ ቅልቅሉንም ከሚፈልጉት ትንሽ አብርተው ያዘጋጁ።

ለመድረቁ፦ ዝርግ ሳሕን ላይ እርጥብ ፎጣ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ያንጥፉና ወረቀቱን ፓሌት ያድርጉት። ማታ ክዳን ከገጠሙለት ለማግስቱ ይደርሳል። ውሃ በብዛት አይጨምሩ፤ ማያያዣው ይሳሳና ቀለሙ በጣት ይነሣል።

«አቡጀዲ ላይ በጎንደር አሣሣል እሞክራለሁ፤ ቀለሙ ግን ይደበዝዛል።» (ከጎንደር)

ጥጡ ማያያዣውን እየጠጣው ነው። አቡጀዲውን ወጥረው መጀመሪያ በውሃ ያርሱት፣ ይደርቅ፣ እንደገና ይወጥሩት፤ አለዚያ ኋላ ይሸበሸባል። ከዚያ 3 ዙር ጄሶ (የግንባታው ሳይሆን ለሥዕል መደብ የሚቀባው ነጭ)፣ በየመሐሉ በስስ ብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ። አሣሣሉ ሰፊና ወጥ ቀለም ስለሚፈልግ ለአንድ ካባ የሚበቃውን ቀለም አንዴ ቀላቅለው በክዳን ዕቃ ያኑሩት፤ መሐል ላይ ካለቀ ያንኑ ቀለም መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። ጥቁሩ መሥመር መጨረሻ ላይ፣ በረጅም ፀጉር ብሩሽ፣ እጅን ሳያቋርጡ።

«ሥዕሎቼ ሁሉ የሌላ ሰው ይመስላሉ። የራሴን ቀለም እንዴት ላግኝ?» (ከሜሪላንድ)

ሁለት ትልልቅ ሠዓሊያን የሄዱበትን ይመልከቱ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሣለው «ጎልጎታ» የስቅለቱን ስቃይ ለቀይ ቀለም አሸከመው። እስክንድር ቦጎሲያን ለንደንና ፓሪስ ኖሮ ለሌሊት የሚሆን ቀለም አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የሣለው «የሌሊት በረራ» ራሌ ከተማ በሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። ለእርስዎ ሩቅ አይደለም፣ ሙዚየሙ አሁን ያሳየው እንደሆነ ጠይቀው ቢሄዱ እንመክራለን። ሲያዩት መጀመሪያ ከ5 ሜትር፣ ቀጥሎ ከክንድ ርቀት ይቁሙ።

ሁለቱም ቀለም በማብዛት አልደረሱበትም። እርስዎም የሎ ኦከር፣ በርንት ሲየና፣ አልትራማሪንና ነጭ ብቻ ያስቀሩ። አንድ ርእስ ይምረጡ፤ የሚያዩት መስኮት ይበቃል። 20 በ20 ሴንቲ ሜትር በሆኑ 12 ካርቶኖች ላይ ይሣሉት፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ ቅልቅሉን በእጅ መጠን ይጻፉ። ሁሉንም ወለል ላይ ዘርግተው ሦስቱን ይምረጡ። ምርጫዎ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ግራጫ ወይም ወደ አንድ ሙቀት ያደላል፤ እሱን ይያዙ። ከዚያ አንድ ቱቦ ብቻ ለውጠው እንደገና 12።

«ማታ የሣልኩት ጠዋት ሌላ ይሆናል።» (ከዱባይ)

አምፖሉ ነው። ቢጫ ብርሃን ሥር ቢጫ ቀለም ነጭ ይመስልዎታል፣ ሰማያዊውም ይሞታል። 5000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሆነ፣ ሲአርአዩ (CRI፣ ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው) 90 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበት ኤልኢዲ አምፖል ይግዙ፤ ሸራውንም ፓሌቱንም እኩል እንዲያበራ አድርገው ይስቀሉት።