ምድጃ ስትመርጪ ወተቱ ሲገነፍል የሚሆነውን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ኩሽና እያደሳችሁ ነው። ባለቤትሽ "ኢንዳክሽን ይሁን፣ ያምራል" ይላል። እናትሽ "ከጋዝ ሌላ ምድጃ አላምንም" ይላሉ። ሻጩ ደግሞ ሴራሚኩን አሳይቶ "ከኢንዳክሽን ምንም ልዩነት የለውም፣ ዋጋው ብቻ ነው የሚለየው" ብሎሻል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉሽ፣ በየቀኑ ቤት ውስጥ ይበሰላል። የቱን ልግዛ ነው ነገሩ።

ሃያ ዓመት ገደማ ምድጃ ፊት ቆሜያለሁ። ቤት ስንቀያይር ስለኖርን አራቱንም ዓይነት አይቻቸዋለሁ፤ ጋዝ፣ የብረት ፕሌት (በኤሌክትሪክ የሚግል ክብ ብረት)፣ ሴራሚክ፣ አሁን ደግሞ ኢንዳክሽን። ባለሙያ አይደለሁም። ግን ያሳረርኩት ድስት ብዛት ያስተማረኝ ነገር አለ።

መጀመሪያ የሻጩን ነገር ላንሳ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሴራሚክና ኢንዳክሽን ላያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ጥቁር ለስላሳ መስታወት ናቸው። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ሴራሚኩ ከመስታወቱ ሥር የሚግል ሽቦ አለው። ሽቦው ግሎ ቀይ ይሆናል፣ መስታወቱን ያግላል፣ መስታወቱ ድስቱን ያግላል። ኢንዳክሽኑ ሥር ያለው የመዳብ ጥቅል ነው። በሰከንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ያልፍበትና የማግኔት ኃይል ይፈጥራል። ያ ኃይል የድስቱን ቂጥ ያገኘዋል፤ የሚግለውም ድስቱ ራሱ ነው። መስታወቱ የሚሞቀው ድስቱ ስለተቀመጠበት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ሰው ምድጃ ሲገዛ የሚጠይቀው "ቶሎ ያፈላል ወይ?" ብሎ ነው። ማፍላትማ ሁሉም ያፈላል። ልዩነታቸው የሚታየው ስትቀንሺው ነው። ወተት ጥደሻል እንበል። ዞር ብለሽ ስትመለሺ አረፋው የድስቱ አፍ ላይ ደርሷል። እጅሽን ሰደድ አድርገሽ አጠፋሽው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሰከንዶች ምን ይሆናል?

ጋዝ ከሆነ ነበልባሉ ወዲያው ድርግም ይላል። ድስቱ የቆመበት ብረት ትንሽ ሙቀት ይዞ ቢቀርም አረፋው ይጎድላል። የብረት ፕሌት ከሆነ ማጥፋትሽን አልሰማም። ድስቱን ብድግ ካላደረግሽ ወተቱ ምድጃው ላይ ነው። ሴራሚክ ደግሞ ይሸውዳል። ቀዩ ብርሃን ይጠፋልሻል፣ አንቺም ተረጋግተሽ ፊትሽን ታዞሪያለሽ፣ መስታወቱ ግን ገና እንደጋለ ነው። ወተቱ ከኋላሽ ይወጣል። ኢንዳክሽን ላይ ስታጠፊው አረፋው እዚያው ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አላመንኩም፤ እንደገና አፍልቼ እንደገና አጠፋሁት።

ስለዚህ እንደ አበሳሰልሽ ነው። አንዴ ጥደው የሚተዉት ምግብ የሚበዛበት ቤት ይህ ልዩነት ያን ያህል አያስጨንቀውም። ቶሎ ቶሎ እሳት እየጨመርሽና እየቀነስሽ የምታበስዪ ከሆነ ግን ፕሌትና ሴራሚክ ያናድዱሻል።

በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ ጨዋታው ይቀየራል። ለሰዓታት ቀስ ብሎ የሚንተከተክ ነገር ስትጥጂ ጋዙ በትንሹ በርነር እንኳ አንዳንዴ ይበዛበታል፤ ይባስ ብሎ በመስኮት ንፋስ ሲገባ ይጠፋል። ርካሽ ኢንዳክሽን ደግሞ ዝቅተኛው ቁጥር ላይ ያለማቋረጥ አይሠራም። ለጥቂት ሰከንድ በኃይል ያግላል፣ ያቆማል፣ እንደገና ያግላል። ድስትሽ ስስ ከሆነ ሥሩ ይይዛል። እዚህ ላይ ያ የናቅነው የብረት ፕሌት ጌታ ነው። ሙቀት ስለሚያከማች እኩል አድርጎ ያበስላል። የድሮውን ባለ ፕሌት ምድጃዬን የምናፍቀው በዚህ ብቻ ነው። (መሐሉ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበት ፕሌት ካየሽ ፈጣኑ እሱ ነው።)

ቁጥር የማትወጂ ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለዪው። ሁለት ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስኪፈላ ድረስ 0.19 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይፈልጋል። በየትኛውም ምድጃ ያው ነው። የሚለያየው በመንገድ የሚባክነው ነው። ጋዝ ላይ ከሚነደው ሙቀት ድስቱ የሚያገኘው 40 በመቶ ገደማ ነው፤ ሌላው በጎንና በጎን ወጥቶ አንቺን ያሞቃል። ፕሌትና ሴራሚክ 70 በመቶ አካባቢ፣ ኢንዳክሽን 85 በመቶ አካባቢ ያደርሳሉ። ስለዚህ "3 ኪሎዋት" የተጻፈበት የጋዝ በርነር ያንን ውሃ ለማፍላት ከ9 ደቂቃ በላይ ሲፈጅ፣ 2 ኪሎዋት የሆነ ኢንዳክሽን 6 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ለወጪም ቀላል ሒሳብ አለኝ። 1 ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ድስቱ ውስጥ የሚያስገባው ሙቀት፣ ኢንዳክሽን 6 ኪሎዋት ሰዓት በልቶ የሚያስገባውን ያህል ነው። የ1 ኪሎ ጋዝ ዋጋሽንና የ6 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ዋጋሽን ጎን ለጎን አስቀምጪ። የትኛው እንደሚረክስ ከሻጭ መስማት አያስፈልግሽም።

አሁን ተነሺና ድስቶችሽን አውጪ። እውነቴን ነው። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ያዢና አንድ በአንድ ቂጣቸው ላይ አስጠጊ። ጥብቅ ብሎ ከያዘ ኢንዳክሽን ላይ ይሠራል። ልል ካለ ይሠራ ይሆናል፣ ግን ደካማ ነው። ካልያዘ አይሠራም። አሉሚኒየም፣ መዳብ፣ ሸክላና መስታወት ከሥራቸው ብረት ካልተለጠፈባቸው በስተቀር አይሆኑም። ቀልጦ የተሠራ ከባድ ብረትና ኢናሜል የተቀባ ብረት ይሆናሉ። እስቲል አይታመንም፤ አንዳንዱ ይይዛል አንዳንዱ አይይዝም። እኔ ከአስራ አንድ ድስት የተረፈልኝ አራት ነበር። የድስቱን ወጪ ከምድጃው ዋጋ ጋር ደምሪው፤ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ቂጡ የተቆለመመ ወይም ወደ ታች የጎበጠ ድስትም ከጋዝ በስተቀር የትም አይመችም። "አስማሚ" ተብሎ የሚሸጥ የብረት ሳህን አለ፤ ከድስቱ ሥር ይቀመጣል። አትግዢው። ኢንዳክሽኑን መልሶ ፕሌት ነው የሚያደርገው፣ መስታወቱንም ያለቅጥ ያግላል።

ቀጥሎ ሽቦ። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ባለ አራት ቦታ ኢንዳክሽን ገዝተን፣ ካርቶኑን ቀደን፣ እቃውን አወጣነው። ገመድ አለው፣ መሰኪያ የለውም። "ረስተውት ነው" ብዬ ሻጩ ጋ ልደውል ስል የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጣ። ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ አየና ራሱን ነቀነቀ። ባለ አራቱ ሁሉም አንዴ ሲበራ 7.4 ኪሎዋት ይወስዳል። በ230 ቮልት 32 አምፔር ማለት ነው። የኛ ኩሽና ሽቦ ለሶኬት የተዘረጋ ቀጭን ነበር። ከቆጣሪው ሳጥን ጀምሮ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የራሱ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጥ) ያለው መስመር እንዲዘረጋልን ተናገረ። አዲስ የተቀባው ግድግዳ እንደገና ተሰነጠቀ። ለሦስት ሳምንት ምድጃው ሳሎን ውስጥ እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ። አንቺ ገና እያደስሽ ስለሆነ እድለኛ ነሽ። ቀለም ሳይቀባ ሠራተኛውን ጥሪው። ቤትሽ ስሪ ፌዝ (በሦስት መስመር የሚገባ መብራት) ካለው ጭነቱ ይከፋፈላል። መስመር መቀየር ካልቻልሽ፣ ሲገጠም ከፍተኛ ኃይሉን መገደብ የሚቻልበት ሞዴል ፈልጊ። አራቱን አንድ ላይ በሙሉ ኃይል አታበሪም እንጂ ይሠራል።

ስለ ጋዝ እናትሽ አልተሳሳቱም። መብራት ሲጠፋ ይሠራል፣ ድስት አይመርጥም፣ እሳቱ በዓይን ይታያል። ጋዝ ከመረጥሽ ግን አንድ ነገር ላይ አትደራደሪ። እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን ራሱ የሚዘጋ መሣሪያ ያለው ይሁን። እያንዳንዱ በርነር ጎን ቀጭን የብረት ዘንግ ታያለሽ። ዘንጉ ሲግል ጋዙን ክፍት አድርጎ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ለዚህ ነው ስትለኩሺው ማዞሪያውን ተጭነሽ ጥቂት ሰከንድ የምትቆዪው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። በቧንቧ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ ይቀላል፣ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የሁለቱ መርፌም (ጋዙ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ) አንድ አይደለም። የገዛሽው ለየትኛው እንደተሠራ አረጋግጪ፣ ካልሆነ ባለሙያ ይቀይረው። ጋዙ የሚመጣበትን ጎማ በሳሙና ውሃ ቀቢው፤ አረፋ ከሠራ ያፈሳል። ነበልባሉ ሰማያዊ ካልሆነና ድስቱን ካጠቆረ በርነሩ መጽዳት ወይም መስተካከል አለበት። ሰማያዊም ቢሆን ለሳንባ የማይመች ጋዝ መልቀቁ አይቀርም፤ በተለይ አስም ያለበት ልጅ ካለ። መስኮት መክፈት ወይም ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ግዴታ ነው።

ሴራሚክ ለማን ይሆናል? ዋጋው ከኢንዳክሽን ቀለል እንዲል ለሚፈልግ፣ አሉሚኒየም ድስቶቹን መጣል ለማይፈልግና ጠፍጣፋ መጥረግ ለሚወድ። ድንገተኛ ሙቀትና ቅዝቃዜ አይሰነጥቀውም፤ ከባድ ነገር ሲወድቅበት ግን ይሰነጠቃል። የኔ የተሰነጠቀው ከላይ ካለው መደርደሪያ የጨው ብርጭቆ ወድቆበት ነው። ከምድጃው በላይ መደርደሪያ አታሠሪ፣ ኢንዳክሽንም ቢሆን። ሌላው ጠላቱ ስኳር ነው። የቀለጠ ስኳር ፈሶበት ከቀዘቀዘ መስታወቱን ይዞ ይነሳል። ገና ትኩስ እያለ በምላጭ መፋቂያ ነው የሚነሳው። እንዲያ እያሉ እጅ መጠበቅ የራሱ ጥበብ ነው።

ልጆቹን በተመለከተ ኢንዳክሽን ይሻላል። ባዶውን ቢያበሩት አይግልም፤ ድስት ካላገኘ ራሱ ይጠፋል። ድስት የተነሳበት ቦታ ግን ለጥቂት ደቂቃ ያቃጥላል። ምድጃዎቹ መቆለፊያም አላቸው። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሐኪሙን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር መሣሪያው ከምድጃው 60 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ ነው።

አንድ ቅሬታዬን ደግሞ ስሚኝ። የንክኪ ቁልፍ! እጅሽ እርጥብ ከሆነ አይሰማም፤ ውሃ ከፈሰሰበት ጢጥ ጢጥ ብሎ ይጠፋል። አክስቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ውሃ ልትጥድ አሥር ደቂቃ ስትደባብሰው ቆይታ "ልጄ፣ ይሄ ስልክ ነው ምድጃ?" አለችኝ። የሚዞር ማዞሪያ ያለው ኢንዳክሽንም አለ፣ በመደብር ግን ብዙም አይታይም። እናትሽ አብረውሽ የሚያበስሉ ከሆነ ፈልጊው።

አንቺን ብሆን ምን አደርጋለሁ? መብራት የሚያስተማምን ከሆነና ሽቦው ከተስተካከለ ኢንዳክሽን። መብራት የሚመላለስ ከሆነ ሁለት ጋዝ ሁለት ኢንዳክሽን የሆነ ቅልቅል፣ ወይም ጋዙን ገጥመሽ ነጠላ ኢንዳክሽን ከጎኑ። እንዲያውም ምንም ከመግዛትሽ በፊት ያንን ነጠላ፣ 2 ኪሎዋት የሆነውን ግዢ ወይም ተዋሺ። ጤነኛ ሶኬት ላይ ይሠራል፤ 9 አምፔር ያህል ነው የሚወስደው። ሁለት ሳምንት አብስዪበት። ድምፁን ትሰሚዋለሽ፤ ከድስቱ የሚወጣ ጥዝዝታና የማራገቢያ ጩኸት አለው። ካልወደድሽው ትልቁን ከመግዛት ተረፍሽ።

የማግኔቱን ነገር ዛሬ ማታ ሞክሪውና ከስንቱ ስንቱ እንደያዘ እዚሁ ጻፊልኝ። የሽቦውን ውፍረትም ጠይቂልኝ፤ ከዚያ ስለ ሞዴል እናወራለን።