ጨርቅ መርማሪ ስለ አኒሜ ምን አገባት?

ለልጅ ልጄና ለጓደኞቹ፣ «7 ነው»፣ «የለም 9 ነው» እየተባባሉ ለሚኳረፉ ወጣቶችም ሁሉ፤

ባለፈው ክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ የደሴን ሰማይ በዘጋበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስታችሁ ሳሎኔ ውስጥ ስትጨቃጨቁ ቡና እየቆላሁ እሰማችሁ ነበር። ያጣላችሁ ኢቫንጌሊየን የተባለው የጃፓን አኒሜ፣ ማለትም በሥዕል የተሠራ ተከታታይ ፊልም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 መታየት የጀመረ፣ 26 ክፍል ያለው፣ ትልቅ ማሽን እየነዳ ስለሚዋጋ ልጅ የሚተርክ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ግን ውጊያውን ትቶ ወደ ልጁ ኅሊና የገባ ሥራ። አንዱ ከ10 ነጥብ 10 ሰጠው፤ አንዷ 4። «ወደድኩት» አለ እርሱ። «መውደድህን ማን ጠየቀህ? እኔ የምናገረው ስለ ሥራው ነው» አለች እርሷ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞራችሁ፣ «እማማ፣ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ጨርቅ ሲመረምሩ የኖሩ ነዎት፤ እስኪ ይፍረዱን» አላችሁኝ። ያን ዕለት ቡናው ይቅደም ብዬ አመለጥኳችሁ። መልሴ ዘግይቶ ይኸው መጣ።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ክፍል 27 ዓመት ሠርቻለሁ። ጥቅሉ ጨርቅ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ቀስ እያለ ያልፋል፤ እኛ ደግሞ የተበጠሰ ድር፣ የጎደለ ማግ፣ የዘይት እድፍ እናድናለን። አቆጣጠሩ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው። እስከ 3 ኢንች ለሚደርስ እንከን 1 ነጥብ፣ እስከ 6 ኢንች 2፣ እስከ 9 ኢንች 3፣ ከዚያ በላይ 4። በ100 ካሬ ያርድ ከ40 ነጥብ ካለፈ ብዙውን ጊዜ ጥቅሉ ይወድቃል። የመርማሪዋ ፍቅርም ጥላቻም አይጠየቅም።

ልጄ፣ አንቺ የምትፈልጊው እንዲህ ያለውን ነው፤ ገብቶኛል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚከበረው ገዢና ሻጭ አስቀድመው ስለተስማሙበት ነው። ስለ ውበት አንዲት ቃል አይናገርም። አንድም እንከን ያልተገኘበት፣ ግን መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ የቀረ ስንት ጥቅል አይቻለሁ! አንቺ «ሥዕሉ አይንቀሳቀስም» ብለሽ ነጥብ ስትቀንሺ ከማን ጋር ተስማምተሽ ነው? የልጅ ልጄ እንዳስረዳኝ፣ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ የጃፓን የቴሌቪዥን አኒሜ ግን ሠዓሊው ኦሳሙ ቴዙካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 አስትሮ ቦይ የተባለውን ተከታታይ በየሳምንቱ ማቅረብ ከጀመሩ ወዲህ፣ ገንዘብና ጊዜ ለመቆጠብ በሰከንድ 8 ሥዕል ወይም ከዚያ ባነሰ መሥራትን ለምዷል። እጥረቱ ውሎ አድሮ የአሣሣል ስልት ሆነ። በእኛም ሙያ አንዴ ወፍሮ አንዴ የሚቀጥን ክር እንከን ነው፤ ሆን ተብሎ እንደዚያ ከተፈተለ ግን ያው ክር ለጨርቁ መልክ ይሰጠዋል፣ ዋጋውንም ያወጣለታል። መርማሪ አስቀድማ የምትጠይቀው ምን ሊሠራ ታስቦ እንደነበር ነው።

አንተ ደግሞ ደስ አይበልህ፤ ለአንተም አለኝ። አንድ ጊዜ ዓይኔን የማረከ ሰማያዊ ጨርቅ በሁለት ጥቅል መጣ። ስለወደድኩት ቸኩዬ በክፍሉ አምፖል ብቻ አይቼ አሳለፍኩት። ገዢው ፀሐይ ላይ ሲዘረጋው ሁለቱ ጥቅሎች ሁለት ዓይነት ሰማያዊ ሆነው ተገኙ። ቀለም በአንድ ብርሃን ተመሳስሎ በሌላው እንደሚለያይ ማንም የሙያው ሰው ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ዕቃው ተመለሰ፤ እኔም ለብዙ ቀን አንገቴን ደፍቼ ገባሁ፣ ወጣሁ። አንተ 26ቱን ክፍል በአንድ ሌሊት አይተህ፣ ዓይንህ በርበሬ መስሎ፣ ወፍ ሲንጫጫ የሰጠኸው 10 የአምፖል ብርሃን ቁጥር ነው። ተኝተህ ተነሣና በፀሐይ እየው። ምናልባት 10 ሆኖ ይቆያል፤ እኔ ምን አውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ሌላ ነው፤ እርሱም ከዚያው ከጃፓን የመጣ ነው። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲገዛ በጣቱ ያሻዋል። ይህ «የእጅ ስሜት» ሊለካ አይችልም ይባል ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሱኤኦ ካዋባታ፣ ከማሳኮ ኒዋ ጋር ሆነው፣ ነባር የሙያው ሰዎችን ሰብስበው ጨርቅ አስዳሰሷቸው፤ ጣታቸው የሚያውቀውን በየስሙ አስጠሩ። ኮሺ ሲታጠፍ መልሶ የሚገፋው ጥንካሬ ነው፤ ኑሜሪ ልስላሴው፤ ፉኩራሚ ሙላቱ። ለእያንዳንዱ እንደ እናንተው እስከ 10 ቁጥር ተሰጠው። መታጠፉን፣ መለጠጡን፣ መጨመቁን፣ የገጹን ሰበቃ የሚለኩ መሣሪያዎች የተሠሩትም የእነዚያን ጣቶች ፍርድ ለመተንበይ ነው። ማሽኑን ያስተማረው ጣት ነው! ይህን በሥልጠና ላይ ስሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ እጄን ሳየው ቆየሁ።

እንግዲህ «ደስ አለኝ» ማለት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው እዚያ ላይ ማቆም ነው። ደስ ያለህ ሙዚቃው ነው? የልጁ ፍርሃት ነው? ወይስ አባቱ ዝም ሲለው የራስህ ነገር ትዝ ብሎህ? የመጨረሻው ከሆነ እርሱንም ጻፈው፤ የአንተ መሆኑን ግን አትደብቅ። አንቺም ብትሆኚ፣ «በሥራው ጥራት» ከምትቀንሺው ነጥብ ውስጥ ስንቱ መሰላቸትሽ እንደሆነ ሐቁን ተናገሪ። መሰላቸትም መረጃ ነው፤ የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ ሲመጣ ነው የማልወደው።

ደግሞ ቁጥር ያለ ቦታው ምን ይሆናል? ወፍራም ጋቢ ለብሳችሁ ከደሴ ተነሡና የሐረጎን ጠመዝማዛ ውረዱ፤ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ላይ ሳላችሁ 10 የሰጣችሁት ጋቢ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ትከሻችሁ ላይ ሸክም ሆኖ ታገኙታላችሁ። ድሩም ማጉም ያው ነው። ስለዚህ ለሰው ስትመክሩ «ለእንዲህ ዓይነት ሰው፣ እንዲህ ባለ ጊዜ» በሉ፤ ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የሌላ ሰው 9 አይታችሁ የራሳችሁን 6 አትሰርዙ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያደረገች መርማሪ ጠረጴዛው አጠገብ አትቆምም ነበር።

ለነገሩ ያንን አኒሜ እኔም ጨርሼዋለሁ፤ የልጅ ልጄ እየተረጎመልኝ። 6 ሰጠሁት። ግማሹ አልገባኝም፣ ጩኸቱም በዝቶብኛል። በ24ኛው ክፍል ግን ሥዕሉ አንድ ደቂቃ ያህል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ልጁ የሚነዳው ትልቁ ማሽን ሌላ ልጅ በእጁ ጨብጦ፣ ከበስተጀርባ መዘምራን እየዘመሩ። ልጄ፣ አንቺ ነጥብ የቀነስሽበት ቦታ ይመስለኛል። እኔ እዚያ ላይ ነው አንድ የጨመርኩት፤ ሁለተኛውን ቡና ልቀዳ ያነሣሁት ጀበና እጄ ላይ ቀርቶ ነበርና።