ለኮምቦልቻዋ የብየዳ ሠልጣኝ፦ ከፖድካስት የሥራ ፈጠራን መማር

ውድ እህቴ፣

በኮምቦልቻ በብረታ ብረት ሥራ በደረጃ 3 እየሠለጠንሽ መሆኑን፣ የሥራ ፈጠራ አሠልጣኝሽም በየሳምንቱ አንድ ፖድካስት አዳምጣችሁ እንድትመጡ ማዘዛቸውን ጽፈሽልኛል። «የምሰማው ሁሉ ደስ ይለኛል፤ የብየዳ ቤት ስለመክፈት ግን የጨበጥሁት ነገር የለም» ብለሻል። አሠልጣኝሽ ያዘዙት መልካም ነው፤ የጎደለው ከማዳመጥ በኋላ መከተል ያለበት ሥራ ነው።

የሥራ ፈጠራ ክህሎት አብዛኛው የልማድ ጉዳይ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ የተቀረጸውና በአገራችንም የሚሰጠው የኢምፕሬቴክ ሥልጠና፣ መረጃ ማፈላለግንና የተመዘነ የኪሳራ ሥጋት መቀበልን ጨምሮ 10 ባሕርያትን በልምምድ የሚያስተምረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከምትሰሚው እያንዳንዱ ዝግጅት አንድ ውሳኔ ብቻ መርጠሽ፣ አንቺ ኮምቦልቻ ላይ በዚያ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ እንደነበር በደብተርሽ ጻፊ።

ከዚህ ይበልጥ የምመክርሽ ግን ራሳችሁ ፖድካስት እንድትቀዱ ነው። ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ በከተማው ብየዳ ቤት ያላቸውን አንድ ባለሙያ አስፈቅዳችሁ፣ መቁረጫው በማይጮህበት ሰዓት ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። «ሥራ እንዴት ጀመሩ?» የሚለው ጥያቄ የሚያመጣው የተለመደ ታሪክ ነው፤ ይልቅስ የአንድ የቱቦላሬ መስኮት ዋጋ ሲተምኑ ከብረቱ ሌላ ኤሌክትሮዱን (የብየዳ ዘንጉን)፣ የመቁረጫ ዲስኩን፣ መብራቱን፣ የቤት ኪራዩን፣ የማሽኑን እርጅና (ሲሠራበት የሚቀንሰውን ዋጋ) እና የራሳቸውን የጉልበት ዋጋ እንዴት እንደሚደምሩ ጠይቋቸው። አዲስ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነው፤ ሥራ ሞልቶላቸው ገንዘብ የሚያጥራቸውም በዚህ የተነሳ ነው። ዘመድ ወይም ጎረቤት ዱቤ ሲጠይቅ ምን ብለው እንደሚመልሱም ጠይቋቸው። እኛ ወሎ ውስጥ ይሉኝታ ብርቱ ስለሆነ፣ ይህ መልስ ከሩቅ አገር ነጋዴ ታሪክ ይልቅ ይጠቅምሻል።

ቅጂውን ለመላላክ ስለ ኢንተርኔት ወጪ አትጨነቂ፤ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ጥራት የተቀዳ የ20 ደቂቃ ንግግር 10 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በብሉቱዝም ይተላለፋል።

ቅጂውን ለክፍላችሁ አሰሙና፣ በሰማችሁት ስሌት እያንዳንዳችሁ የአንድ መስኮት ዋጋ አውጡ። የየግል ዋጋችሁ መለያየቱ አይቀርም፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አሠልጣኛችሁ ባሉበት ተወያዩ። ከዚያም የራስሽን ስሌት ይዘሽ ወደ ባለሙያው ተመለሺና እንዲያርሙልሽ ጠይቂ። የትብብር ሥልጠና (በሥራ ቦታ ላይ የሚወሰደውን ልምምድ) ድርጅት በምትመርጪበት ጊዜም እኒህን ሰው አስቀድመሽ አስቢያቸው።